የጋሽ ሸምሱ ሜትር

ባለፈው ሳምንት ለሱቄ መጋረጃ ገበር የሚሆን አቡጀዲ ልገዛ ገብቼ፣ ሻጩ ጣቃውን ባንኮኒው ላይ ሲዘረጋው የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ በሆነው ቦታ ጎን ለጎን የነበሩት ሁለት ጨርቅ ቤቶች፣ የአባቴና የጋሽ ሸምሱ፣ ከነአቧራቸው ፊቴ ድቅን አሉ።

ጋሽ ሸምሱ ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ ሱቃቸውን አይቆልፉም ነበር፤ የእንጨት ሜትራቸውን ለአባቴ ሰጥተው ውልቅ ነው፣ የመጣውን ደንበኛ እሱ እየለካ ይሸጥላቸዋል። አባቴም ወር በገባ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስን ሊሳለም ሲሄድ የኛን ሜትር ለእሳቸው ይሰጣል። ያኔ ሁለቱም ከመንግሥት ማከፋፈያ የሚመጣውን አንድ ዓይነት ጨርቅ በአንድ ዋጋ ስለሚሸጡ የሚቀናኑበት ነገር አልነበራቸውም።

መንግሥት ተለውጦ ሬዲዮው ስለ ነፃ ገበያ ማውራት ሲጀምር አባቴ ደስታው አላስቀምጥ አለው። ማንም የፈለገውን አምጥቶ በፈለገው ዋጋ ይሸጣል፣ የሠራ ያገኛል ማለት ነው ብሎ አስረዳኝ፤ እኔም የገባኝ መሰለኝ። ከመርካቶ አዳዲስ ፖፕሊን ባስጫነ በሳምንቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ የጋሽ ሸምሱ ሜትር በእጁ እያለ፣ አንዲት ሴትዮ በጋሽ ሸምሱ ደጃፍ ቆመው ጨርቅ ሲያገላብጡ የአሥር ዓመት ምላሴ አላርፍ አለና "እኛ ጋ በርካሽ አለ" አልኳቸው። አባቴ ይቆጣኛል ብዬ ዞር ብዬ አየሁት። አልተቆጣኝም። ሴትዮዋን ወደ ሱቃችን አስገባቸው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡትንም።

ጋሽ ሸምሱ ሲመለሱ ያልተነካ ጣቃቸውን አዩ፣ የጎደለውን የኛን መደርደሪያ አዩ፣ ሜትራቸውን ተቀብለው ወደ ሱቃቸው ገቡ። በሚቀጥለው ዓርብ፣ ማታ ማታ ብቻ የሚጠቀሙበትን ጓጉንቸር በጠራራ ፀሐይ ቆልፈው ሄዱ።

የጊዮርጊስ ዕለት ሲደርስ አባቴ አፍሮ የኛን ሊቆልፍ ሲል ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ዘረጉ።

"ምነው? ሜትሩን ስጠኝ እንጂ" አሉት።

ሰጣቸው። ተሳልመን ስንመለስ ከኛ ጨርቅ ብዙው ተሸጦ ጠበቀን፤ አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም። አባቴ እስኪሞት ድረስ ጋሽ ሸምሱ የኛን ሜትር ሲቀበሉ ኖሩ፣ የራሳቸውን ግን አንድ ዓርብ እንኳ መልሰው አልሰጡንም።

ዛሬ እኔም በተራዬ የፈለግኩትን አምጥቼ በፈለግኩት ዋጋ እሸጣለሁ፤ ነፃ ገበያ እንጀራ ሰጥቶኛል፣ ላማው አልችልም። ያቺን አንዲት ቃል ባልተናገርኩ ኖሮ እያልኩ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከጎኔ ያለችውን ባለሱቅ ስሟን እንኳ አላውቀውም። ለምሳ ስወጣ የብረት መዝጊያዬን እስከ ታች አወርዳለሁ፤ እሷም ስትወጣ የሷን ታወርዳለች።