ባለሙያ ልባል

ሶፋ መሥሪያው ውስጥ መርፌ ይሏታል። ቀጭን እንዳይደለች በበሩ ስትገባ ያያት ይመሰክራል፤ ስሙን ያወጣላት ምላሷ ነው። ከእጇ የወጣ የሶፋ ልብስ ስፌቱ የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አይታወቅም። በደመወዝ መክፈያው ላይ ግን የተጻፈችው "ረዳት" ተብላ ነው። የማን ረዳት ብትሉ፣ የሜትር። ሜትር ማለት መለኪያውን ከአንገቱ የማያወርድ፣ መቀስ አያያዝ እንኳ እሷው ያስተማረችው ባልደረባዋ ነው። እሱ "ባለሙያ" ነው። ለምን ብላ ስትጠይቅ አለቃው፣ "ወንድ ነው፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል" አሏት። ሜትርን እስከ ዛሬ የምታበላው እናቱ ናት።

አንድ ቀን መርፌ ደም ሥሯ ተገታትሮ ቢሮ ገባች።

"ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኔም ባለሙያ ልባል።"

አለቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማሰብ ብቻ ይሰለቻቸዋል። ፊታቸው በራ።

"አንቺማ ባለሙያ መሆንሽ ከፊትሽ ያስታውቃል። ከነገ ጀምረሽ ሥሪ።"

ያን ቀን ክንፍ አውጥታ ቤቷ ገባች። በማግስቱ የተረከበችው ግን ሽርጥና የወጥ ቤት ቁልፍ ነው። ለካ የሠራተኞቹን ምሳ የምታበስለው ሴት ሥራ ለቅቃ፣ አለቃው ባለሙያ ሴት ሲያፈላልጉ ነው የሰነበቱት። ወንድ ባለሙያ ሲባል ደመወዙ ይጨመራል፤ ሴት ባለሙያ ስትባል ጨውና ሽንኩርት ይሰጧታል።

ችግሩ፣ መርፌ ማብሰል አትችልም። ቤት የሚያበስለው ባሏ ነው፤ ያውም ጎረቤት እንዳያየው በሩን ዘግቶ። እንግዳ ሲመጣ እሱ ከጓዳ ያቀብላታል፣ እሷ ታቀርባለች። "እጅሽ ይባረክ፣ አቤት ሙያ" ስትባልም አንገቷን ሰበር አድርጋ ምርቃቱን ትቀበላለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ይህን ስታደርግ ቅንጣት አላፈረችም።

የመጀመሪያ ቀን ሽንኩርቱም አረረ፣ ቆሽቷም አረረ። ሠራተኛው ዳቦ በሻይ በልቶ ዋለ። በማግስቱ ባሏ አንጀቱ አልችል ቢለው ድንች በሥጋ ሠርቶ በድስት አስያዛት። አለቃው አንድ ማንኪያ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"አላልኩሽም? ሙያ ማለት ይህ ነው።"

መርፌ እንደ ልማዷ አንገቷን ሰበር ልታደርግ ቃጣት። ዛሬ ዝም ካለች ግን ዕድሜ ልኳን ከምድጃው አጠገብ መቅረቷ ነው።

"ባሌ ነው የሠራው" አለች።

አለቃው ማንኪያውን እንደያዙ ቀና አሉ። "ወንዱ? እንግዲያማ ሼፍ ነው በይኛ። አሁኑኑ ጥሪው።"

ባሏ መጣ። የት ተማርክ ሲሉት ቤቴ አለ፤ የትዳሩ ዘመን በሙሉ የሥራ ልምድ ሆኖ ተያዘለት። ሴት ብትሆን ይህን ማን ይቆጥርላት ነበር? "ባለሙያ" ተብሎ ተጻፈና እንዲፈርም ወረቀቱ ቀረበለት።

"እኔስ ጋሼ?" አለች መርፌ።

"አንቺማ ወደ ስፌትሽ ተመለሽ። ረዳትነትሽን ማን ነካብሽ? ደግሞ ምን ያስከፋሻል፣ ገንዘቡ እንደሆነ ያው አንድ ቤት ነው የሚገባው።"

መርፌ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለች።

"እውነትዎን ነው። እንግዲያው ባለሙያነቱ በእኔ ስም ይጻፍና እሱ ረዳት ይባል። ያው አንድ ቤት አይደል?"

ባሏ እስክሪብቶውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። በሰው ፊት ባለሙያ ሲባል ገና ዛሬ መሆኑ ነው።

"እንዴ፣ የማበስለው'ኮ እኔ ነኝ" አለ። "እኔ ለፍቼ ስሙ ለሌላ ሰው የሚሆነው በምን ዕዳዬ ነው?"

መርፌ በእሱ ፋንታ የተቀበለቻቸው ምርቃቶች ሁሉ መጡባትና አፈረች፤ ከልቧ አፈረች። ከዚያ ግን ወደ አለቃው ዞረች።

"ይኸው ጋሼ፣ እኔ ስል የኖርኩትን እሱ አሳምሮ ተናገረልኝ። በሉ ለእኔም በስፌቱ ባለሙያ የሚል ሁለተኛ ወረቀት ያውጡ።"