የመብራቱ ክፍል ግድግዳ

በዚያ ቅዳሜ ማማው ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ ከምንኖርበት ከኦሮራ ከተማ በመኪናዋ ያመጣችን ጎረቤቴ፣ እና መብራቱን ለብዙ ዓመታት የጠበቁት አሜሪካዊ ሽማግሌ።

ማማው ከተዘጋው ከአሮጌው የዴንቨር አየር ማረፊያ የቀረ ነው። ዙሪያውን አዳዲስ ቤቶች ይሠራሉ። አናቱ ላይ፣ መርከብ እንደሚመራው የባሕር መብራት፣ ለአውሮፕላን እየዞረ የሚያበራ ትልቅ መብራት ነበር። እንዳይነቀል ለምነው ያስቀሩት ሽማግሌው ናቸው። ወላጆች በጽዳት እንድናግዝ ከልጄ ትምህርት ቤት ወረቀት የመጣልንም እሳቸው ጠይቀው ነው።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ጽዳት ግን ሥራዬ ነው። የአሮጌ ቀለም አቧራ ልጅ እንደሚጎዳ ክሊኒክ ነግረውኝ ስለነበር፣ ሽማግሌው ከታች ውሃ ይዘው እስኪመጡ አላስቻለኝም። ልጄ የተደገፈችበትን ግድግዳ ይዤው በመጣሁት ፈሳሽ ሳሙና ፈተግኩት።

"አንቺ እኮ ገነት ብትገቢ መጀመሪያ የምትጠይቂው መወልወያ ነው!" ብላ ጎረቤቴ ሳቀችብኝ።

ሽማግሌው መጥተው ግድግዳውን ሲያዩ ባልዲውን አስቀመጡ። ለልጄ በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው ነገሯት።

"ማሚ፣ ኢሬዝ አደረግሽው፣ አጠፋሽው" አለችኝ። "አምፖል በተቀየረ ቁጥር ቀኑ በእርሳስ ይጻፍ ነበር። የጻፈው እሳቸውን ሥራ ያስተማራቸው ሰውዬ ነው። ሞቷል። ሌላ የእጁ ጽሑፍ የላቸውም።"

እኔ ጭረት መስሎኝ ነበር።

"ይቅርታ በይልኝ። ላንቺ ፈርቼ ነው በያቸው።"

ነገረቻቸው። ከግድግዳው ግርጌ ሦስት መስመር ቀርቶ ነበርና ሽማግሌው ተንበርክከው፣ ሳይነኩት፣ አነበቡት።

"እኔም ልጆች አሳድጌአለሁ፣ አውቃለሁ ይላሉ" አለችኝ ልጄ። "ግን ከዛሬ ጀምሮ መስታወቱን ብቻ ነው የምታጸጂው።"

የቀረውን መስመር በፕላስቲክ ሸፈንነው። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እየሄድኩ፣ ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው፣ የመብራቱን መስታወት በለስላሳ ጨርቅ ወለወልኩ። በሁለተኛው ዓመት ደረጃው ከበዳቸውና ሴንቴኒያል በምትባለው አቅራቢያ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ስልክ ቁጥራቸውን ሊሰጡኝ ሲሉ በምን እንግሊዝኛ አወራቸዋለሁ ብዬ አፍሬ አልተቀበልኩም።

ሴንቴኒያል የምትኖሩ፣ ወይም እዚያ ሽማግሌ የምትንከባከቡ፣ ቀኝ እግራቸውን የሚያነክሱ፣ የአየር ማረፊያ መብራት ጠባቂ የነበሩ ረጅም ሰው ታውቁ እንደሆነ፣ እንዴት እንዳሉ ንገሩኝ።