ሁለት ጠብታ የቀረው ባልዲ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ቁልፍ የምትተክለውን ሴትዮ ሁሉም ሰው «ጭጭ» ነው የሚላት። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስትተክል ድምፅዋን የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ሰው ትኩር ብሎ ካያት ፊቷ ይቀላል። አለቃዋ ከጠራት ጣቷ መርፌው ስር ሊገባ ይደርሳል። ፊደልም በቅጡ አልለየችም። ስሟን ትፈርማለች፣ የአውቶቡስ ቁጥር ታነባለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንዳላየች ሆና ታልፈዋለች።

ይህቺ ሴት ግን ስልኳ ውስጥ እርሻ አላት።

ጨዋታ ነው እንግዲህ። ማንበብ አይጠይቅም፣ ሁሉም ነገር በሥዕል ነው። ዘሩን ሲነኩት ይበቅላል፣ ባልዲውን ሲነኩት ውሃ ጠብ ይላል። ማሳውን ጎረቤት ካላጠጣው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ይጠወልጋል። ጎረቤት የሚሆነውን ሰው ጨዋታው ራሱ ስልኩ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች መርጦ ያመጣዋል፣ ማንንም ሳይጠይቅ። ለጭጭ ያመጣላት ማንን መሰላችሁ? ታላቅ እህቷን።

ከእህቷ ጋር ከተነጋገሩ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው የሞተች ሰሞን የቤቱ ወረቀት ሲታይ ጭጭ ልታይ እጇን ዘረጋች። እህቷ ያን ሁሉ ሰው ፊት «ለእሷ ደግሞ ምን ያደርግላታል? ገልብጣ ነው የምትይዘው!» አለች። ሰው ሳቀ። ጭጭ ተነሥታ ወጣች፣ እንደወጣች ቀረች።

እርሻው ላይ ግን ሌላ ነው። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የእህቷ ባልዲ ስልኳ ላይ ብቅ ይልና ጠብ! የሚል ድምፅ ያሰማል። እሷም መልሳ ጠብ! ታደርጋለች። ሰላምታ የለ፣ ቃል የለ። ለማንም ተናግራው አታውቅም። ምን ብላ ትናገረዋለች?

ሰኞ ጠዋት ባልዲው ሳይመጣ ቀረ።

«ተቀየመችኝ» አለች ጭጭ በልቧ። ምክንያት ነበራት። እሑድ ዕለት የእህቷ ዱባ ደርሶ አየችና እንዳይበሰብስ ብላ ቆርጣው ነበር። ጨዋታው ይፈቅዳል። እህቷ ግን ንብረቷ ሲነካ አትወድም። ልጅ ሆነው እንኳ ማበጠሪያዋን የነካ ሰው ጉዱ ይፈላ ነበር።

ስለዚህ በምታውቀው መንገድ ይቅርታ ጠየቀች። ዱባ በሥጦታ ሳጥን አድርጋ ላከች። ሳጥኑ የእህቷ ማሳ በር ላይ ቁጭ አለ፣ የሚከፍተው ግን ጠፋ። ሁለተኛ ላከች፣ ሦስተኛ ላከች። ማሽን ላይ ስልክ ክልክል ነውና መጸዳጃ ቤት እየገባች የእህቷን ማሳ ታጠጣ ጀመር። ጠብ፣ ጠብ። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባት። ብቻ ያ ማሳ ከጠወለገ አንድ ክፉ ነገር የሚመጣ መሰላት።

ማክሰኞም ባልዲው የለም። በምሳ ሰዓት ኮሌታ የምትሰፋው ጓደኛዋ በር ላይ ያዘቻት።

«አንቺ፣ ሽንት ቤቱን ተከራየሽው እንዴ? ሆድሽን ነው?»

ጭጭ እየተንተባተበች ነገረቻት። ኮሌታ ሰፊዋ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

«እህትሽ ብቻዋን ነው የምትኖረው?»

«ብቻዋን።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስልሳ... ስልሳ አንድ።»

«እና አንቺ ዱባ ትልኪላታለሽ? ደውዪ እንጂ የኔ እናት!»

ደወለች። ሳይጠራ ተቋረጠ። ደገመችው፣ ያው ነው። ያን ጊዜ ሲጣሉ እህቷ ቁጥሯን ዘግታባታለች። ኮሌታ ሰፊዋ በራሷ ስልክ ሞከረች። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣው ጠፋ።

ጭጭ አለቃው ፊት ሄዳ ቆመች።

«ል... ልወጣ ነው።»

«እሰይ፣ ዛሬ ድምፅሽን ሰማን! ማን ታሞ ነው?»

«ጎረቤቴ።»

«ጎረቤት ታመመ ተብሎ ሥራ ይቆማል? የቱ ጎረቤት?»

«እህቴ ናት!» አለች። ይህን ቃል ጮክ ብላ ከተናገረችው ሰባት ዓመት ሆኗታል። ፈቃዱን ሳትጠብቅ ሽርጧን ወንበሩ ላይ ወርውራ ወጣች።

መንገዱ በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሦስት ፌርማታ!

የሕንፃው ጥበቃ በዕድሜ የገፉ ሰውዬ ናቸው፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ተከተሏት። የብረቱን በር ደበደበች። «እትዬ! እትዬ!» መልስ የለም።

«ከእሑድ ወዲህ አላየኋትም» አሉ ሰውዬው። «ልጇ ጋ ሄዳ ይሆናላ።»

«ልጅ የላትም። አባባ፣ በሩን እንስበረው።»

«ሰብሬ ልታሰርልሽ? ወጥታ ቢሆንስ?»

«በስልክዎ ይደውሉልኝ እሺ፣ የኔን ዘግታዋለች።»

«ስልኬን ቤት ቻርጅ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት፣ ልጄ።»

ጭጭ የምታደርገው ጠፋት። ጨዋታውን ከፈተች። ባልዲዋ ውስጥ የቀረው ሁለት ጠብታ ብቻ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ስታፈሰው ውላለች። ካለቀ እስከ ነገ አይሞላም። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ አንዱን ነካችው።

ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ። ጠብ!

«ሰሙ? ስልኳ እዚህ ነው! ስልኳን ጥላ አትወጣም!»

«እኔ ምንም አልሰማሁ፤ አንድ ጆሮዬ አይሰማም።»

«በደህናው ጆሮዎ ይጠጉ፣ በሞቴ! አንዲት ናት የቀረችኝ።»

ሰውዬው ተጠጉ። ጭጭ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ የመጨረሻዋን ነካች። ጠብ! ከዚያ ጸጥ አለ። ሰውዬው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ጆሯቸውን ሊያነሡ ሲሉ፣ ከውስጥ ቆርቆሮ ነገር ከወለል ጋር ተጋጨ። ጓ! ትንሽ ቆይቶ እንደገና፣ ደከም ብሎ፣ ጓ።

«ወይ ጉዴ!» አሉ ሰውዬው። ፌሮ ብረት ይዘው እስኪመለሱ ጭጭ በሩን በትከሻዋ ስትገፋ ትከሻዋ በለዘ።

በሩ ተፈልቅቆ ሲገቡ እህቷ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ነበረች። ሰኞ ንጋት አዳልጧት አንድ እግሯ ከሥሯ ተጠማዝዞ ቀርቷል። አጠገቧ ያለው የውሃ ባልዲ ባዶ ነው፣ ጣሳውን ግን አልለቀቀችውም። ስልኳ ማዶ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ፣ ስክሪኑ ላይ ማሳዋ አረንጓዴ፣ የማሳው በር ላይ ሦስት ሳጥን።

ጭጭ ተንበረከከች።

«ሁለት ቀን» አለች እህቷ በሰለለ ድምፅ። «ሁለት ቀን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ! እኔ እዚህ ወድቄ አንቺ ቲማቲም ታጠጫለሽ? በር የለኝም?»

«ዱባሽን ስለቆረጥኩ... የተቀየምሽኝ መስሎኝ...»

«የምን ዱባ?»

ሰውዬው በጭጭ ስልክ አምቡላንስ ለመጥራት ደረጃው ላይ ይጮኻሉ። ጭጭ ቧንቧውን ከፍታ ጣሳውን ሞላችው፣ የእህቷንም ራስ በክንዷ ደገፈች።

«ጠብ ባለ ቁጥር ግን» አለች እህቷ ዓይኗን ጨፍና፣ «አሁን ትመጣለች እል ነበር። ሌሊት ዝም ስትይ ነው የፈራሁት።»

የወረቀቱን ነገር ሁለቱም አላነሡትም። ጭጭ ጣሳውን ወደ እህቷ ከንፈር አስጠጋች። ውሃው ከጠርዙ ፈሰሰ።

«ቀስ በይ» አለች እህቷ። «ደረቴ ላይ አታፍስሺው።»