አሜሪካኖቹ ምን ሆኑ?

ዘይኑ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ደጋፊ ነው። በእኛ ሰው መካከል እንዲህ ያለ ሌላ አላውቅም። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ መሠረት የምትባል የአገራችን ሴት ምግብ ቤት የምንሰበሰበው ሰዎች ወይ አርሰናል ነን ወይ ማንቸስተር። በአገር ከሆነ ብራዚል የሚል አለ፤ ልጆቹ እዚህ ስለተወለዱ ካናዳ የሚል አለ። አሜሪካ የሚለው ዘይኑ ብቻ ነበር።

ምክንያቱን ብዙ ጊዜ ነግሮናል። ቶሮንቶ ከመምጣቱ በፊት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። ጨዋታ ባለ ቀን የስታዲየሙ ፓርኪንግ ላይ መኪና ያስተናግድ ነበር። በ2009 ፌብሩዋሪ፣ አሜሪካና ሜክሲኮ ሲጋጠሙ፣ ነፋሱ የፓርኪንጉን የፕላስቲክ ኮኖች እያንከባለለበት ሲያባርር አመሸ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አለቃው ሠራተኞቹን ግቡና እዩ ብሎ ለቀቃቸው። ዘይኑ በሩን አልፎ ገና ሜዳውን ሲያይ ሁለተኛዋ ጎል ገባች፤ ሁለት ለዜሮ። አጠገቡ የቆመ የማያውቀው ሰው እርጥብ ካፖርቱን እንደለበሰ ጥምጥም አለበት። ከሦስት ዓመት በኋላ የጥገኝነት ኬዙ ውድቅ ሆነና፣ እህቱ እዚህ ስለነበረች፣ በቡፋሎ በኩል ድንበር ተሻግሮ መጣ። አሜሪካ አልፈለገችውም፤ እሱ ግን ቡድኗን ይዞ ወጣ።

አሁን ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ኩላሊት እጥበት የሚሄዱ ሕመምተኞችን የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ከባለቤቱ ከበድሪያ ጋር ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። እሁድ የመሥሪያ ቤቱ ቫን ስለማይፈቀድለት መቶ ቁጥር አውቶቡስ ይዞ ብሮድቪው ጣቢያ ይወርድና በባቡር ይመጣል። ሁልጊዜም ከሁላችን ቀድሞ ይደርሳል።

መጀመሪያ ላይ እንስቅበት ነበር። አሜሪካኖቹ በ2017 በትሪኒዳድ ተሸንፈው ከዓለም ዋንጫ ሲቀሩ፣ በሚቀጥለው እሁድ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መጣና እንዴት እንደተሸነፉ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ተረከልን። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ እነሱ በተሸነፉ ቁጥር ወደ እሱ ዞረን እንጠይቃለን፣ “ዘይኑ፣ አሜሪካኖቹ ምን ሆኑ?” እሱም ሻዩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ይጀምራል። ልጆቹ ገና በወጣትነታቸው አውሮፓ ስለሚሄዱ ለአገራቸው ሲጫወቱ እንደ እንግዳ ነው የሚጫወቱት ይል ነበር። ልክ ይሁን አይሁን ግድ የለንም፤ ደስ ይል ነበር። ይህቺ ጥያቄ ለእሱ ምን ማለት እንደሆነች የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሐሴት የምትባል ልጅ ወደ መካከላችን የመጣችው በ2024 ሴፕቴምበር ነው፤ ካናዳ ካንሳስ ሲቲ ድረስ ሄዳ አሜሪካን ሁለት ለአንድ ባሸነፈች ማግስት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ላይ የስፖርት ፕሮግራም አዘጋጅ ረዳት ነበረች። እዚህ ኮሌጅ ትማራለች፤ በቀረው ሰዓት መድኃኒት መደብር ውስጥ ካሽ ላይ ትቆማለች። ሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር ከሁለት እኩዮቿ ጋር አፓርታማ ተጋርታ ትኖራለች። የዚያን ቀን ብቻዋን ምሳ ልትበላ ገብታ የእኛን ክርክር ከጎን ትሰማለች። ቆየችና፣ ይቅርታ ብላ፣ አንድ ነገር ልበል አለች።

ያለችውን አስታውሳለሁ። አሜሪካ ውስጥ ኳስ የሚማር ልጅ በመጀመሪያ ለክለብ የሚከፍል ወላጅ ያስፈልገዋል፣ ቀጥሎ ደግሞ ሥራውን ትቶ ከሜዳ ሜዳ የሚያመላልሰው ያስፈልገዋል፤ መንደር ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ ማንም ሳያየው ያድጋል አለች። ድምጿ የሬዲዮ ነው፤ አይቸኩልም። አንዱ ወንበር ሳበላት። ዘይኑም ከልቡ ነው ያጨበጨበላት፤ በዚህች ከተማ ስለ አሜሪካ ኳስ የሚያወራው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት ነበር።

ደስታው እስከ ኖቬምበር አልዘለቀም። በኦክቶበር አሜሪካ በሜክሲኮ ሁለት ለዜሮ በተሸነፈች ሳምንት፣ እሁድ ዕለት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ዘይኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፤ እኔ ግን ሳላስበው ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ፣ “አሜሪካኖቹ ምን ሆኑ?” አልኩ። ዘይኑ ሻዩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ነበር። መልሶ ሳበው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየከረረበት ሄደ። ይህን ሁሉ በኋላ ራሱ ነው የነገረኝ። ሕመምተኞቹን ክሊኒክ አድርሶ በሚጠብቅባቸው ሰዓቶች ቫኑ ውስጥ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የተጫዋቾቹን ዕድሜ፣ ክለብ፣ የኳስ ቅብብል ቁጥር ያጠና ጀመር። በድሪያ ለዜግነት ፈተና እንኳ እንዲህ አላጠናህም ብላ ሳቀችበት። እሁድ ሲመጣ ያጠናውን ሊያወራ ይጀምርና ቁጥሩ ይደባለቅበታል። ሐሴት በትህትና ታስተካክለዋለች፤ እሱ ደግሞ ከመሳሳቱ ይልቅ ትህትናዋ ያንገበግበዋል። ስለ ኮሎምበስ ሲጀምር እኛ ሰምተነዋል እንላለን። እሷ ግን፣ “ይቀጥሉ ጋሼ ዘይኑ” ትለዋለች። ይህም ያናድደዋል።

በዚያ ላይ ክፉ ክረምት ነበር። አሜሪካና ካናዳ በታሪፍ ተጣልተው ሰው ሱቅ ሲገባ የአሜሪካ ዕቃ እያገላበጠ ይመልስ ነበር። የአሜሪካ ማሊያ ለብሶ ባቡር መግባት ድፍረት ይጠይቃል። ዘይኑ ማሊያውን ከጃኬቱ ሥር ይለብሰው ነበር።

በ2025 ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገጠሙ። በድሪያ ስለ ሐሴት ሲወራ ሰምታ ኖሮ፣ አንድ ቅዳሜ ለኢፍጣር ጥራት አለችው። ለእሷ ብላ የምስር ሳምቡሳ ለብቻ በዘይት ጠበሰች። ከበሉ በኋላ በድሪያ ዳኛው ጎል የሚሽረው ለምን እንደሆነ በወሬ መሃል ጠየቀች። ሐሴት ከተምሩ ሳህን አምስት ፍሬ አንስታ ትሪው ላይ ደረደረች፤ ይሄ ተከላካይ፣ ይሄ አጥቂ፣ ኳሷ ስትለቀቅ እዚህ ከተገኘ ከጨዋታ ውጪ ነው አለቻት። በድሪያ ወዲያው ገባት። አንዷን ተምር ራሷ ገፋ አድርጋ፣ “እንዲህ ከሆነስ ጎል ነው?” አለች።

ሐሴት ከሄደች በኋላ ዘይኑ ሃያ ዓመት ሙሉ ስነግርሽ ያልገባሽ ነገር እንዴት ዛሬ ገባሽ ብሎ ጠየቃት።

“አንተ ስትነግረኝ ትቆጣለህ” አለችው።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። አሜሪካ በኔሽንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በራሷ ሜዳ በባከነ ሰዓት በፓናማ አንድ ለዜሮ ተሸነፈች። ለሦስተኛ ደረጃ እሁድ ከካናዳ ጋር እንድትጫወት ተወሰነ። አርብ ጠዋት ሐሴት ለዘይኑ፣ “ጋሼ፣ ትናንት እንዴት አመሹ? አይዞዎት” የሚል መልእክት ላከችለት። አልመለሰላትም።

ከቀትር በኋላ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ሳለ ኤርሚ ኮል አደረገለት። ኤርሚ በከተማው በአማርኛ የሚተላለፍ የእሁድ ቀትር የሬዲዮ ፕሮግራም አለው፤ ሁላችንም እንሰማዋለን። ቁጥሩን መሠረት እንደሰጠችው ተናገረና፣ እሁድ ከጨዋታው በፊት ስለ አሜሪካ ቡድን ውድቀት ሰፋ ያለ ውይይት ማዘጋጀት እንደሚፈልግ አስረዳው። ዘይኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ማሊያውን ልብስ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ሁሉ አስቦ ነበር፤ ሬዲዮ እንደሆነ እንኳ ረስቶት። ያኔ ኤርሚ ያቺ እናንተ ጋ የምትመጣው ልጅ፣ ሐሴት የምትባለው፣ ስልኳ እርስዎ ጋ አለ ብለውኝ ነው አለ።

ዘይኑ፣ “ቁጥሯ የለኝም። እሁድ ደግሞ ሺፍት ላይ ናት” አለው።

ከዚያ ታዲያ እርስዎስ ቢመጡ እስኪለው ነበር የሚጠብቀው። ኤርሚ አመስግኖ ዘጋ።

እሁድ ቀትር ላይ ኤርሚ ስለ በረዶ ጎማ ቅየራ አወራ፤ ከዚያም ሙዚቃ አሰማ። ጨዋታው ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበርና ሁላችንም መሠረት ጋ ተሰበሰብን። ሐሴትም ነበረች። ዘይኑ ከወትሮው ራቅ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፤ ጾሙ ያደከመው መስሎኝ ነበር። በድሪያም በዚያ ቀን አብራው መጥታለች፤ ከጨዋታ ውጪ የሚባለውን አሁን ስለምትለይ ማየት አምሯት ነው።

ካናዳ አገባች፤ አሜሪካ አቻ አደረገች። ከዕረፍት በኋላ ካናዳ ሁለተኛውን አስቆጠረች፤ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ዘይኑ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆለፈው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጨዋታው ገና ሳያልቅ፣ የማፍጠሪያው ሰዓት ደረሰ። መሠረት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ለዘይኑና ለበድሪያ ተምርና የምስር ሾርባ አቀረበችላቸው። ልክ በዚያች ሰዓት ኤርሚ ገባ። በአካባቢው ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶ ነው። ከመሠረት ጋር ሰላም ተባብሎ፣ እሷ ከሐሴት ጋር ስታስተዋውቀው፣ ሺፍት ላይ አልነበርሽም እንዴ አላት።

እሁድ ሠርታ እንደማታውቅ ነገረችው። ግራ ተጋብቶ፣ አርብ ዕለት ስለ እሷ ደውሎ እንደነበርና ጋሽ ዘይኑ እንዲህ እንዳሉት ተናገረ። በክፉ አላለውም፤ የሆነውን ነው የነገራት።

ሁላችንም ወደ ዘይኑ ዞርን። ያፈጠረባት ተምር ገና በእጁ ነው። አሳዘነኝና ሰምቶ ተሳስቶ ይሆናል፣ በሥራ መሃል ነው የተደወለለት አልኩ።

“አይደለም ባህሩ” አለኝ። “አልተሳሳትኩም። ዋሽቼ ነው።”

ሐሴት፣ “ለምን ጋሼ?” አለችው። ድምጿ ያው የተለመደው ነው፤ አልጮኸችም።

“እኔን የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር” አላት።

ሐሴት ኮቷን አነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ “እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ አገር ቤት ምን እንደነበርኩ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እሱ የመጀመሪያው ይሆን ነበር” አለችና ወጣች። ጨዋታው ሁለት ለአንድ አለቀ። ካናዳ ስታሸንፍ መጨፈር የነበረባቸው ሰዎች ሒሳባቸውን ከፍለው በፀጥታ ተበተኑ።

በመንገድ ላይ በድሪያ ብዙ አልተናገረችውም። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ውሸት ላይ ነው የጾምከው ብቻ አለችው። ምግብና ውኃ ብቻ እንደተወ፣ አፉ እንዳልጾመ እሱም ያውቀዋል። ማክሰኞ ዕለት ለኤርሚ ደውሎ የሐሴትን ቁጥር ሰጠው። ከእኔ የተሻለ ታውቃለች ብሎ ጨመረ። ይህን ሲናገር ጥርሱን የሚነቅሉት መስሎት ነበር፤ እንዲህ ነው ያለኝ።

ለዒድ በድሪያ በአንድ ዕቃ ለሐሴት የጾም ሳምቡሳ ሞልታ፣ አንተው አድርስ አለችው። ሴንት ጄምስ ታውን ሄዶ ታች ሎቢ ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። ወረደች። ወንበር ስለሌለ የፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ቆመው ነው ያወሩት።

“ቅናት ነው ልጄ” አላት። “ሌላ ስም የለውም። ሲጠይቁሽ ሆዴ ይቃጠል ነበር።”

“እኔ እኮ ቦታዎን አልፈለግኩም” አለችው።

“አውቃለሁ። ብታውቂም ባታውቂም ወስደሽዋል።”

ዕቃውን ተቀበለችው። ይቅር ብያለሁ አለች፤ ነገር ግን እሁድ እንደድሮው እንደማትመጣ ነገረችው። እሱም አልለመናትም። ዕቃውን አጥባ የመለሰችው በበድሪያ በኩል ነው፤ ሁለቱ ሴቶች አሁንም ይደዋወላሉ።

ኤርሚ በኤፕሪል ከፕሮግራሙ ሃያ ደቂቃ ሰጣት፤ በየሳምንቱ። ጁን ላይ አሜሪካ በስዊዘርላንድ አራት ለዜሮ ስትረታ፣ አራቱም በመጀመሪያው አጋማሽ፣ ሐሴት በእሁዱ ፕሮግራም መስመሩን ለአድማጭ ከፈተች። ዘይኑ ከቤቱ ደወለ። ተራ ጠብቆ ሲገባ፣ “ዘይኑ ነኝ፣ ከፍሌሚንግደን ፓርክ” አለ፤ ያው ልጆቹ ለአገራቸው እንደ እንግዳ ይጫወታሉ የሚለውን ሐሳቡን ዘረዘረ። ሐሴት ጨርሳ ሰማችውና፣ “ጋሼ ዘይኑ፣ በዚህ እንኳ አልስማማም” ብላ ለምን እንደማትስማማ አስረዳች። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ደዋይ አለፈች፤ ከሚሲሳጋ የደወለ ሰው ነው።

በዚያው ከሰዓት በኋላ መሠረት ጋ ሲመጣ፣ አንዱ ሐሴት ስለ ስዊዙ ጨዋታ ምን አለች ብሎ ጠየቀው። ያለችውን አንድም ሳያስቀር ነገረን። ሲጨርስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ሰዓት ይዤ ነበር አለኝ።

“ለእኔ ሁለት ደቂቃ። ለሚሲሳጋው ሰውዬ አራት።”

ቀድመህ ደውል አልኩት። በሚቀጥለው እሁድ ኤርሚ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ደውሎ መስመር ይዞ ይጠብቅ ነበር።