ደወሉን የደወለችው ማርቬላ ናት

ማርቬላ ስቶክስ የከተማችንን ግማሽ ሕዝብ አሳድጋለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወልዳ አይደለም፤ በትምህርት ቤት አውቶቡስ አመላልሳ ነው። ዛሬ ጎማ የሚሸጠውም፣ ጥርስ የሚነቅለውም፣ እሑድ እሑድ ኦርጋን የሚመታውም አንድ ወቅት ከኋላዋ ተቀምጦ፣ «ካልተቀመጥክ አልነዳም» ተብሏል። ስትል ደግሞ የምሯን ነበር። አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ሲደባደቡ አውቶቡሱን ዳር አቁማ፣ እስኪታረቁ ድረስ ሹራቧን ስትሠራ ቆየች። የዘገየችበትን ምክንያት የጠየቋትን ወላጆች፣ «ዘግይተዋል፤ ግን ተስማምተዋል» ብላ መለሰቻቸው።

ረጅም ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ ነው። ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ በግራ እግሯ ታነክሳለች። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ጣጣ ያመጣባት ይኸው አቋሟና አረማመዷ ስለሆነ ነው።

ከቤቷ ፊት ለፊት ኦረን ታትል የሚባል ጡረተኛ ፖስተኛ ይኖር ነበር። ሚስቱ ኢሌን ከሞተች በኋላ ሐሳቡ ይዋልል ጀመር። ሚሺጋን የምትኖረው ልጁ ሸርሊን ስጋት ቢገባት፣ ደጅ የመጣውን ሰው ከሩቅ ሆና የምታይበትና የምታናግርበት፣ ካሜራ ያለው የበር ደወል አስገጠመችለት። ኦረን አልወደደውም። «የገዛ በሬ እያፈጠጠብኝ!» ይለን ነበር።

በኅዳር ወር፣ ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት አንድ ማክሰኞ ኦረን ጠፋ። ሸርሊን ደጋግማ ብትደውል የሚያነሳ አጣች። ፖሊስ ሲገባ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ካፖርቱም የለም። እሷ ሚሺጋን ሆና የደወሉን ቪዲዮ ስትከፍት፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ሰው የጃኬቱን ኮፍያ ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ከባድ ከረጢት ይዞ፣ እያነከሰ ወደ በሩ ሲመጣ አየች። ደወለ፤ ጠበቀ፤ በመስኮቱ አጮልቆ ተመለሰ። ሸርሊን ክፉኛ ደነገጠች። ቪዲዮውንም የከተማችን ሰዎች በሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ለጠፈችና «ይህን ሰው የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ» ስትል ጻፈች።

ቪዲዮው ውሎ ሳያድር ከከተማችን አልፎ ሄደ። ስማችንን ሰምተው የማያውቁ ሰዎች የግድግዳውን ጡብ እየቆጠሩ የሰውየውን ቁመት ለኩ። አንዱ ማነከሱ የውሸት ነው አለ። ሌላው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ገመድ ነው አለ። አረማመድ አነባለሁ የምትል ሴት ደግሞ ወታደር የነበረ መሆኑን አረጋገጠች። ከሁሉም የበረታው ግን የኛው ጎማ ሻጭ፣ ኮልተን ነበር። ምስሉ ላይ ቀይ ክብ እየሳለ፣ ጥላው ይህን ያሳያል፣ እጁ ያን ያሳያል እያለ ሲያብራራ ሥራውን ሁሉ ረሳ።

ማርቬላ ነገሩን የሰማችው በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ነው። የሥራ ባልደረባዋ ስልኩን ቢያሳያት አንዴ አየችና፣ «ይቺማ እኔ ነኝ» አለች።

ወዲያው ለሸርሊን ደወለች፤ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ጃኬቱንም፣ የሾርባ ድስቱንም አሳየች። ለኦረን ሾርባ ይዛለት ሄዳ ሳይከፍትላት ሲቀር፣ ተኝቷል ብላ ተመልሳለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ፖሊሶቹም ሸርሊንም አመኗት። ሸርሊን ቪዲዮው ላይ የታየችው ጎረቤታቸው ማርቬላ እንደሆነች ገጹ ላይ ጻፈች። እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት።

አላበቃም። ሸርሊንን አስገድደዋት ነው የጻፈችው ተባለ። ማርቬላ ራሷ «ቪዲዮው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ የያዝኩትም የዶሮ ሾርባ ነው» ብላ ብትጽፍ፣ አንድ የማታውቀው ሰው፣ «እህቴ፣ ምርመራ አታበላሺ» ሲል መለሰላት።

እኔ ሳነበው ሳቄ መጣ። እሷ አልሳቀችም። «ኦረን በዚህ ብርድ ውጭ ነው» አለችኝ። «እነሱ የሚፈልጉት እኔን ነው። እኔ ደግሞ ይኸው፣ አልጠፋሁም።»

ያን ቀን ለፍለጋ የወጡት በጎ ፈቃደኞች ረጅም ሰው ታየ የተባለበትን የድሮ የድንጋይ ማውጫ ሲያስሱ ዋሉ። በነዳጅ ማደያው የሚሠራውን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያነክሰውን ሌስተርን ደግሞ ሰዎች በመኪና ተከትለው፣ ኮፍያህን አውልቅ ብለው ፎቶ አነሱት። ማርቬላ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

ሐሙስ ጠዋት ልጆቹን ካደረሰች በኋላ ያንኑ ጃኬት ለበሰች፤ ያንኑ ድስት በከረጢት ያዘች። ፈላጊዎቹ ወደሚሰበሰቡበት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄዳ ተከተሉኝ አለቻቸው። ተከተሏት። ኦረን በር ፊት ስትደርስ ዞር አለች።

«ኮልተን፣ ስልክህን አውጣና ቅረጽ።»

«ሚስ ማርቬላ፣ እኔ እኮ በእርስዎ ላይ ምንም አላልኩም። ሰውየውን ነው ያልኩት።»

«ሰውየውን ላሳይህ ነዋ።»

ኮፍያዋን ደፋች። እያነከሰች ሄደች፤ ደወለች፤ ጠበቀች። ከደወሉ ውስጥ የሸርሊን ድምፅ ከሚሺጋን መጣ፤ ሲያለቅስ የቆየ ሰው ድምፅ ነው። «አየሁሽ፣ ማርቬላ። ያው ራስሽ ነሽ።»

ኮልተን ስልኩን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ። ማርቬላ ኮፍያዋን አወለቀች።

«ሰውየው ተገኘ። ኦረን ግን አልተገኘም። ይህ ካሜራ የሚያየው የፊት በሩን ነው፤ ቤቱ ደግሞ የጓሮ በር አለው። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ተሰለፉ። ኮልተን፣ አንተ ከኔ ጋር ና።»

ተሰለፉ። ጥርስ ሐኪሙም ጭምር፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ልጅ ተሰለፈ።

ከጓሮው በታች ቁጥቋጦ አለ፤ ከቁጥቋጦው ባሻገር ከተዘጋ የቆየ፣ በአጥር የተከበበ የአበባ ማሳደጊያ ግሪን ሃውስ አለ። ፖሊስ ጓሮውን በመጀመሪያው ቀን አይቶት ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የወረደ ግን አልነበረም። የአጥሩ ቀዳዳ ለማርቬላ ትከሻ ስለጠበበ ኮልተን ሾልኮ ገባ። ሲመለስ እንባው እየወረደ በእጁ አመለከተ።

ኦረን ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ፣ አሮጌ ላስቲክ ተከናንቦ፣ ግድግዳ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ግን በሕይወት አለ። ማርቬላ አጥሩን አስቀድዳ ገብታ ጃኬቱን ስታለብሰው ቀና ብሎ አያት።

«ኢሌን ከሥራ ስትወጣ ልወስዳት መጥቼ ነው» አላት። ሚስቱ እዚያ ትሠራ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያስታወስነው።

«አውቃለሁ፣ ኦረን። አሁን እኔ ደግሞ አንተን ልወስድህ መጣሁ።»

ኮልተን ስለ «ሰውየው» የለጠፈውን ሁሉ አጠፋ። ማርቬላ ቤት ይቅርታ ሊጠይቅ ቢሄድ፣ መጀመሪያ ሌስተር ጋ ሂድ ብላ ከደጅ መለሰችው። ሄደ፤ ሌስተርም ሥራውን እየሠራ ብዙ አቆመው። ኢንተርኔቱ ላይ ግን የተገኘው ሰው ኦረን አይደለም የሚሉ ዛሬም አሉ። ማርቬላ አታነባቸውም።

ሸርሊን አባቷን ወደ ሚሺጋን ወሰደችው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማርቬላ መኪናዋን ነድታ ትጠይቀዋለች። ስሟን የሚያስታውስበትም፣ የማያስታውስበትም ቀን አለ። በሁለቱም ቀን ካርታ ይጫወታሉ። ኦረን ያጭበረብራል፤ እሷም ታሟል ብላ አታልፈውም።