የማያልቀው ዚንክ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲያልቅ ስንት ጠብታ ይወጣዋል? ነገሥታቱስ ሐውልት አላቸው፤ ርግብ ይጸዳዳበታል፣ ቢያንስ አንድ ፍጡር ይጎበኛቸዋል። አርባ ዓመት በጀርባው ተንጋሎ የጀልባ ሆድ ሲያይ የኖረ ሰውስ?

ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፤ ውሃ የጀልባን ብረት መብላቱ ስለማይቀር፣ ከሆዱ ሥር ይበልጥ የሚጥመው ሌላ ብረት ይታሰርለታል። ውሃው እሱን ሲግጥ ጀልባው ይተርፋል። ስለዚህ የጀልባ ጠጋኞቹ ሰውየውን «ቀላቢው» ይሉት ነበር። ሚስቱ ደግሞ፣ «ለውሃ የምትመርጠውን ያህል ለእኔ አንድ ጫማ መርጠህ ብታውቅ!» ትለዋለች። እውነቷን ነው። ለጨው ውሃ ዚንክ፣ ጨው ለሌለው ማግኒዥየም እያለ፣ ብረትን ከውሃ የሚያጋባው ዘር ማንዘር ቆጥሮ ነበር።

የሚስቱ ወንድም ከባሕር ጠረፍ የገዛውን ጀልባ ሐይቅ ላይ አውርዶ፣ ራሱ ካፒቴን ሆኖ ሰው ማሻገር ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። የቀላቢው ልጅም በየማለዳው ወደ ሥራዋ የምትሻገረው በዚሁ ጀልባ ነበር። ጀልባው ቀለም ሊቀባ ወደ ደረቅ መሬት በወጣ ዕለት ካፒቴኑ ከሥሩ ገብቶ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ና እይልኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ ዚንኩ ጥፍር ታህል አልጎደለም። ዕቃ ማለት እንዲህ ነው!»

ቀላቢው ዚንኩን በመዶሻ ጫፍ ቧጨረው፤ ነጭ ቅርፊት ለብሷል። አጠገቡ ያለውን የጀልባውን ብረት በጣቱ ሲዳስሰው ግን ፈንጣጣ የጎበኘው ፊት ይመስላል።

«ይኼ የባሕር ዘበኛ ነው» አለ። «እዚህ ጨው በሌለበት ቅርፊቱን ተከናንቦ ሲያንኮራፋ ሌባው ቤትህን ጨርሶታል። ደስ ሊልህ የሚገባው ቢያልቅ ነበር።»

«አንተ ደግሞ! ዕቃ ሲያልቅ ነው ጥርስህ የሚታየው።»

ሰውንም የምናመሰግነው እንደ ካፒቴኑ ነው። ሳይጨማደድ ያረጀውን «የተባረከ» እንለዋለን፤ ምን ሳይሠራ እንደኖረ የሚጠይቅ የለም።

ቀላቢው የሳሳውን ብረት በብየዳ አስደፈነ። ዚንኩን ፈትቶ፣ ማግኒዥየሙን ብረት ለብረት እስኪነካካ አጥብቆ አሰረ። «ሌላውን ሁሉ ቀባ፣ ማግኒዥየሙን ግን እንዳትነካብኝ» ብሎት ሄደ።

ጀልባው ውሃ በሚገባበት ማለዳ ሲመጣ ተሳፋሪው ተሰልፏል፣ ልጁም ከሰልፉ መሃል ናት። ጀልባው ክሬን ላይ ተንጠልጥሏል። ማግኒዥየሙ ሁለት እጅ ሰማያዊ ቀለም ጠጥቶ እንደ ሙሽራ ያብረቀርቃል።

«ምን አደረግህ አንተ?»

«ግራጫው እድፍ መሰለብኛ፣ ጋሼ! ሰው አያየውም?»

«ከውሃ በታች ማነው የሚያየው፣ ዓሣ? ቀለም ካለበስኸው ውሃው በምን ያገኘዋል? ጀልባህን ነው የሚበላው!»

ሰልፈኛው ሳቀ። የክሬኑ ሹፌር ሰዓቱን አየ።

«አባዬ፣ በናትህ» አለች ልጁ፣ «ረፈደብኝ እኮ!»

ቀላቢው የቀለም መፋቂያውን ከኪሱ አውጥቶ ከፍ አደረገ። መጀመሪያ ካፒቴኑን፣ ቀጥሎ የክሬኑን ሹፌር፣ በመጨረሻ ልጁን እያየ፣ «ግማሽ ሰዓት» አለ፤ «ቀለሙን የምፍቅበት ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጡኝ።»