ሚዛን ያልለየው ውሃ

አንድ ሰው ኖሮ ኖሮ ሲያበቃ ስንት ይሆናል? ቄሱ በነፍስ ይቆጥሩታል፤ ዳኛው በርስት፤ ጎረቤት በቀብሩ ላይ በቆመው ሰው ብዛት። የአሰላዋ ቦጋለች ደጉ ይህን ጥያቄ ከሚጠይቁ ሰዎች ጋር አትቀመጥም ነበር። የሰው ልክ በእጄ ነው የሚል ሰው ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። እሷ ራሷ ለዓመታት ሰው ስትመዝን ኖራለች፤ የመዘነችውም ነገር ሰው እንዳልነበረ ታውቃለች።

የከብት ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ደጉ ከጉራጌ አገር መጥቶ አሰላ የከተመ፣ ከአቦምሳ ሰንጋ እየነዳ ደጋ የሚያወጣ ሰው ነበር። በአቦምሳ ገበያ ሻጮቹ ከብቱን ማታ ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር ያልሱታል፤ ጠዋት የጠማው ከብት ወንዝ ለወንዝ ሲጠጣ ያረፍድና ጎኑ ሞልቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ ገበያ ይገባል። ደጉ ሆዱን አያየውም። ወደ ኋላ ዞሮ የጅራቱን ሥር በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ስቡን ይለካል፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘት አይሰማውም። "ልጄ፣ ሆድ ይዋሻል፤ የጅራት ሥር አይዋሽም" ይላት ነበር።

ቦጋለች ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ የድሬሰርነት፣ የጤና ረዳትነት፣ ኮርስ ወሰደች። በ1965 ዓ.ም. ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚወስደው መንገድ ዳር የወተት ዱቄት ማደያ ሲከፈት እዚያ ተቀጠረች። ማደያው የተከፈተው ድርቅ ሆኖ አይደለም። ዝናቡም ዘንቧል፣ ስንዴውም ዓይን እስከሚያደርስ ድረስ ቆሟል። ትራክተር ስለ ገባ ነው። ባለርስቶቹ ጭሰኛ ከማስቀመጥ መሬቱን ለትራክተር መስጠት ይሻለናል አሉ፤ በአንድ በጋ ስንት ቤት ፈረሰ! አባት ያቀናውን መሬት ልጅ ከመንገድ ዳር ሆኖ ሲታጨድ አየው። እንግዲህ በስንዴ ማሳ ጥግ የተራቡ ልጆችን እንድትመዝን የተቀጠረችው ቦጋለች ናት።

ደንቡ አጭር ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ከአስር ኪሎ በታች ከሆነ ካርድ ይሰጠዋል፣ ወተት ይቀበላል። ከአስር በላይ ከሆነ ይመለሳል። የማደያው ኃላፊ አቶ ገብረ መድህን ደንቡን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህንን ቦጋለች ራሷ ትመሰክራለች፤ ግን እየተናደደች ነው የምትመሰክረው። ክፉ ቢሆኑ ይቀላት ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ያፍራል። ደንብ ያከበረ ሰው ግን ማታ ደህና ይተኛል።

በሰኔ መጀመሪያ ዙቤዳ የምትባል፣ ባሏ ከመሬቱ የተነቀለ ሴት ኩልሱም የምትባለውን የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ልጅቱ ፊቷ ክብ ነው፣ እግሯ ወፍራም ነው፣ ዓይኗ ግን ማንንም አያይም። ቦጋለች ሚዛኑ ላይ ሰቀለቻት።

"አስር ኪሎ ከሦስት መቶ።"

ዙቤዳ ፈገግ አለች። "አልሐምዱሊላህ! ከበደች አይደል?"

"ምን አብልተሻት ነው?"

"ምን አለኝና ላብላት? ቦሌ በጥብጬ ሦስት ቀን አጠጣኋት እንጂ። ሚዛን ላይ ልትወጣ አይደል? ቀላል ከብትስ ማን ያነሳል?"

ቦጋለች ጮኸችባት። "አዴ ዙቤዳ፣ ልጅ ናት ወይስ ወይፈን! በውሃ ላይ ጨው ጨመርሽባት እኮ!" ብላ የልጅቱን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ሳይሞላ ቀረ። ያን ጊዜ ልጅቱን ቀስ ብላ ከሚዛኑ አወረደቻት። ሴትየዋ ምን አጠፋች? ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው ሚዛን የገበያ ሚዛን ነው፤ በገበያ የከበደ ይመረጣል፣ የቀለለ ይመለሳል። የቀለለ የሚመረጥበት ሚዛን በዚህ ምድር አለ ብሎ የነገራት ማን ነው?

"አቶ ገብረ መድህን፣ ይህቺ ልጅ ያበጠችው በረሃብ ነው። ውሃ ነው የመዘንኩት።"

"ሚዛኑ ውሃ አይልም፣ ኪሎ ነው የሚለው። ከመስመሩ በላይ ናት፤ ትመለስ።"

"ከገላዋ ከመቶው ስንቱ ስብ ነው? አምስት እንኳ የላትም!"

"ከመቶ ስንት እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ ካለሽ አምጪዋ። መጽሐፉ እንደሚለው ትክክለኛው መንገድ ሰውን ውሃ ውስጥ ነክሮ መመዘን ነው። በርሜል ታመጫለሽ?"

"አመጣለሁ።"

"እንግዲያው በእኔ ጀምሪ" አሉና ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ።

"እርስዎንማ በርሜል አይችልዎትም።"

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። ዙቤዳ ግን አልሳቀችም፤ ልጇን መልሳ አዘለች።

ቦጋለች የአባቷን ሁለት ጣት እያሰበች በዚያው ንዴት አሰላ ገባች፤ የሄደችውም ኸይሩ መካኒኩ ዘንድ ነው። ኸይሩ የብረት ውፍረት የሚለካበት፣ ሚሊ የተቀረጸበት መቆንጠጫ አለው።

"ምን ልትለኪበት ነው?"

"ሰው።"

"ሰው ፒስቶን ነው እንዴ? እህቴ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና አይደለሁም። ሞላ አስገባበት። በእጄ ስጨብጠው አንዴ ይጠብቃል አንዴ ይላላል፤ ስናደድ አጠብቀዋለሁ። የእኔ ንዴት ቁጥሩ ውስጥ መግባት የለበትም።"

ኸይሩ ከዚህ በኋላ አልቀለደም። ከአሮጌ መኪና ሞላ አውጥቶ ገጠመላት፤ ማንም ይያዘው ማን እኩል የሚቆነጥጥ ሆነ። መጀመሪያ የሞከረችው ሥጋ ቤት በሙክት ላይ ነው። ከመታረዱ በፊት ትቆነጥጣለች፣ ከታረደ በኋላ ስቡን ታስመዝናለች። በሰባተኛው ሙክት ሥጋ ሻጩ፣ "ቦጋለች፣ ከነነፍሱ ስቡን አወቅሽው" አላት። ሰው ግን አይታረድም። የሰውን ልክ ከፍቶ ያረጋገጠ የለም፤ ስለዚህም ነው በሰው ላይ ማንም የፈለገውን ቁጥር የሚጽፍበት።

ከዚያ ወደ ልጆቹ መጣች። የክንዳቸውን ጀርባ፣ ከትከሻና ከክርን እኩሌታ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ለካች። አባቷ ያላስተማራትን አንድ ነገር እዚያ አገኘች፤ ስብ ሲያዝ ባለበት ይቆያል፣ ውሃ ግን ቀስ እያለ ይሸሻል። የኩልሱም ክንድ ሲቆነጠጥ ስምንት ሚሊ ነበር፤ እሷ እስከ አስር ስትቆጥር አራት ሆነ። ግማሹ ልጅ አልነበረም። እንዲህ እንዲህ አድርጋ የአርባ አንድ ልጅ ልክ በደብተር ጻፈች። እስከዚያው ከቤቷ ላም በጠርሙስ ወተት ለኩልሱም ትልክ ነበር። የአንዲት ላም ወተት ለአንዲት ልጅ ይሆናል፤ ለአርባ አንድ አይሆንም።

በሰኔ መጨረሻ ደብተሩን ኃላፊው ፊት ዘረጋች።

"ከሚዛኑ ቁጥር ጎን ይህንንም እንጻፍ። ከነዚህ ውስጥ አሥራ ስድስቱን ያለአግባብ መልሰናቸዋል።"

"ይህ ሰንጠረዥ ከየት መጣ?"

"ሠራሁት።"

"አንቺ ማን ነሽ? ሰንጠረዥ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ቦጋለች። የከብት ነጋዴ ልጅ ስለሆንሽ ሰውን እየቆነጠጥሽ ልትገዢ ነው?" አሉና የሻይ ብርጭቋቸውን ደብተሩ ላይ አስቀመጡ።

እሷ ብርጭቆውን አንስታ በመስኮት ደፋችው። የአንድ ሳምንት ደመወዝ ተቀጣች።

በሐምሌ እብጠቱ ከኩልሱም ገላ ወረደ። ውሃው ሲሄድ ከሥሩ ያለችው ልጅ ታየች፤ አጥንትና ቆዳ። ሚዛን ላይ ስትወጣ ሰባት ኪሎ ሆነች። እነሆ፣ ከመስመሩ በታች ናት! አቶ ገብረ መድህን ወዲያው ፈረሙ፣ ካርድ ሰጧት። ሐሙስ ካርዱን ተቀበለች፣ ዓርብ ቀበሯት። ዙቤዳ ወተቱን አልወሰደችም። "ቀለለችና መረጣችኋት?" ብላ ብቻ ጠየቀች።

ሰው ተሳስቶ ቢገድል ይጸጸታል፤ በትክክለኛ ሚዛን ሲገድል ግን ማን ይጸጸታል? ሚዛኑ አልተሳሳተም እኮ። አስር ከሦስት መቶ ብሎ ነበር፣ ልክ ነው። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ጥያቄ ደግሞ አይከሰስም።

ቦጋለች ሥራዋን አልለቀቀችም፤ ብለቅ ለማን እተዋቸዋለሁ ትል ነበር። በ1966 አገር ሲናወጥ አቶ ገብረ መድህን ተዛውረው ሄዱ፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ሄዶ ሌላ መጣ። ለሦስቱም ማመልከቻ ጻፈች። የደመወዝ ጭማሪ አልጠየቀችም። ሰንጠረዤን ተቀበሉ ማለቱንም ትታው ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅ ይመለስ ብሎ የሚፈርም ሰው ሁሉ፣ ከመፈረሙ በፊት የዚያን ልጅ ክንድ በገዛ እጁ ይያዝ የሚል። ሦስቱም አነበቡት፤ እሺ ያለ አልተገኘም።